በልጆች ኤዲኤችዲ ላይ የቤተሰብ ጥናት ለምታካሂዱ ተመራማሪዎች፦ ከአንዲት ተሳታፊ እናት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በልጆች ኤዲኤችዲ ላይ የቤተሰብ ጥናት ለሚያካሂዱ ተመራማሪዎችና ለምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዶች

ግልባጭ፦ በአካባቢው ለምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወላጆች

ጉዳዩ፦ የቤተሰብ ጥናት ለመላው ቤተሰብ በሚገባ ቋንቋና አኳኋን እንዲካሄድ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከአማቴ ጋር የምኖር እናት ነኝ። ታናሹ ልጄ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣት እንዲሁም ከዕድሜው ጋር የማይመጣጠን የመቅበጥበጥና የችኩልነት ችግር እንዳለበት በሐኪም ከተረጋገጠ በኋላ፣ ቤተሰባችን የችግሩን የዘር ውርስና የአንጎል ዕድገት በሚመረምር ጥናት ተሳትፏል፤ አሁንም በመሳተፍ ላይ ይገኛል። የጥናቱንም ሆነ የተቋሙን ስም የማልጠቅሰው አንድን ቡድን ለመክሰስ ስላልተነሣሁ ነው፤ ከሌሎች ወላጆች ጋር ስነጋገርም ተመሳሳይ ነገር ስለሰማሁ ችግሩን የአንድ ቢሮ ጉድለት አድርጌ አላየውም። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ወላጆችም እንዲያነቡት ብዬ ነው። እናንተ ለማንበብ አስተርጓሚ መፈለግ ግድ ከሆነባችሁ፣ እሱም ከጉዳዩ የወጣ አይሆንም።

የምጠይቃችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚገለጽ ነው፦ ጥናቱ የቤተሰብ ጥናት እስከሆነ ድረስ ማብራሪያው፣ ፈቃዱና ውጤቱ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የቤተሰብ አባል በሚገባው ቋንቋ በቀጥታ ይድረሰው፤ እንግሊዝኛ ለሚቀናው ለአንዱ ተነግሮ ለቀሩት እንዲያደርስ አይተው።

ይህ ለምን እንዳሳሰበኝ ላስረዳ። በአንዱ ቀጠሮ እኔ ከልጄ ጋር በአንድ ክፍል ሳለሁ፣ አማቴ በሌላ ክፍል የራሳቸውን የፈቃድ ሰነድ እንዲፈርሙና የምራቅ ናሙና እንዲሰጡ ተጠየቁ። አማቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም። በስልክ አስተርጓሚ ይቀርባል ተብሎ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የአማርኛ ተናጋሪ ስላልተገኘ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጄ ሰነዱን ለአያቷ እንድታስረዳ ተደረገ። ሰነዱ ናሙናው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ከየትኞቹ ተመራማሪዎች ጋር እንደሚጋራና ተሳታፊው ሐሳቡን ቢለውጥ ምን እንደሚደረግ በብዙ ገጽ ይዘረዝራል። ልጄ ያን ሁሉ «እማማ፣ እዚህ ውስጥ እንትፍ በዪና እዚህ ጋ ፈርሚ፤ ምንም አያምም» ብላ ጨረሰችው። ከዚህ የበለጠ ከእሷ መጠበቅም አይገባም ነበር። ማታ ቤት ገብተን ሰነዱን ሳነብላቸው አማቴ፣ ምራቃቸው በማን እጅ እንደሚቆይና እሳቸው ሲያልፉ ማን እንደሚጠየቅበት ጠየቁኝ። ሰነዱ የተጻፈው እነዚህኑ ጥያቄዎች ለመመለስ ነበር፤ ፊርማው ግን ቀድሞ ገብቷል።

ልጄ ያን ቀን አስተርጓሚ ብቻ ሆና አልዋለችም። ከወንድሟ ጋር የምትነጻጸር እህት ስለሆነች ራሷም ተሳታፊ ናት፤ ለአካለ መጠን ስላልደረሰችም የራሷ ይሁንታ ገና እየተጠየቀ ነበር። ከዚያ በኋላ የቤተሰብ ታሪክ ቃለ መጠይቅ መጣ፦ ልጅዎ በወጣትነቱ መጠጥ ያዘወትር ነበርን? በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያደረበት ሰው አለን? እነዚህን ጥያቄዎች ስለ ገዛ አባቷ፣ በገዛ አፏ፣ ለገዛ አያቷ እንድታቀርብ የተደረገችው ይህችው ልጅ ናት። አማቴ ሁሉንም «የለም» ብለው መለሱ። በልጅ ልጃቸው ፊት ሌላ መልስ የሚሰጡ የኢትዮጵያ አያት አላውቅም፤ እናንተም የመዘገባችሁት መልስ ለምርምር የሚረባ አይመስለኝም።

በሰው ተሳታፊዎች ጥበቃ ላይ የወጣውና «የጋራ ደንብ» የሚባለው የፌዴራል ደንብ ለተሳታፊ የሚሰጠው መረጃ እሱ በሚረዳው ቋንቋ እንዲሆን ያዛል። ሙሉው ሰነድ በቃል ተብራርቶ አጭር ቅጽ የሚፈረም ከሆነም ማብራሪያውን የሚከታተል ምስክር እንዲኖር ይጠይቃል። ስለዚህ የምለምነው ችሮታ አይደለም። አማርኛም በዚህ አካባቢ እንግዳ ቋንቋ አይደለም፦ የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከወጣበት ከ2004 ወዲህ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያስተናግዳሉ፤ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ በአማርኛ ይጽፋሉ። የልጄ ትምህርት ቤት በበረዶ ምክንያት መዘጋቱን በአማርኛ የምሰማ ከሆነ፣ የአማቴ ዲኤንኤ የት እንደሚቀመጥ በአማርኛ መስማት ብዙ መጠየቅ አይመስለኝም።

ይህን ስል ማንም ወላጅ ከጥናት እንዲሸሽ እየመከርኩ አለመሆኔን አደራ እላለሁ። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። በእኛ ዘንድ በሰው ፊት የማይረጋ፣ ነገር የሚጥል፣ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል፤ አሳዳጊ ሲባል ደግሞ ጣት የሚቀሰረው በእናት ላይ ነው። ከመንትዮች ጥናቶች ተጠቃሎ የተገኘው የኤዲኤችዲ የውርስ ድርሻ ግምት 74 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በሕዝብ መካከል ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረመል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ የሚናገር እንጂ በአንድ ልጅ ውስጥ ያለውን ችግር ከፍሎ የሚያሳይ ባይሆንም፣ የእናት ቁጣ ማነስ ወይም የአባት ሥራ መብዛት የዚህ ችግር ምንጭ አለመሆኑን ለሽማግሌ ለማስረዳት ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። በእኛው ካውንቲ በቤተዝዳ የሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች፣ እኛ ከተሳተፍንበት በተለየ ጥናት፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 223 ልጆች ችግሩ ከሌለባቸው ተመሳሳይ ቁጥር ካላቸው ልጆች ጋር በኤምአርአይ ምስል አነጻጽረው በ2007 ባሳተሙት ውጤት፣ የአንጎል ውጫዊ ሽፋን አብዛኛው ክፍል ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የሚደርሰው ችግሩ ባለባቸው በ10 ዓመት ተኩል፣ በሌለባቸው በ7 ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። የዕድገቱ ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ሆኖ የዘገየው ጊዜው ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና እሱም እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ደብተሩን በየሄደበት ይጥል እንደነበር አጫወተኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሰማሁም ነበር።

የቤተሰብ ጥናት ጥቅሙም ከዚህ ይነሣል። ወንድምና እህት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ ያድጋሉ፤ ከሰው ሰው ከሚለያየው ዘረመል በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ፤ አንዱ ችግሩ ሲኖርበት ሌላው ላይኖርበት ይችላል። በጎረቤት ልጆች መካከል የማይለይ ነገር በእነሱ መካከል ሊለይ ይችላል። የእናት፣ የአባትና የልጅ ናሙና አንድ ላይ ሲታይ ደግሞ በልጁ ላይ አዲስ የተከሠተውን ለውጥ ከወላጅ ከወረሰው ለመለየት ያስችላል። ለዚህ ነው አያትም፣ አጎትም፣ ጤነኛዋ እህትም የሚፈለጉት። ይህን ያህል ማብራሪያ በአማርኛ ቢሰጥ ኖሮ፣ «የታመመው አንድ ልጅ፤ እኛን ምን ቤት ናችሁ ብለው ይጠሩናል?» ያለው የባለቤቴ ወንድም እስካሁን አልመጣም አይባልም ነበር።

ሆኖም ውርስ የሚለው ነገር በእኛ ማኅበረሰብ ከእፎይታ ጋር ሥጋትም ይዞ ይመጣል። ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። የተጠያቂው ዘር ሲመረመር ሥጋ ዝምድናው ብቻ ሳይሆን በዚያ ቤት የታመመ፣ የከሰረ፣ ያበደ መኖር አለመኖሩም ይነሣል። እናንተ የቤተሰብ ሐረጉን በክብና በአራት ማዕዘን ስላችሁ ችግሩ ያለበትን ጥቁር ስትቀቡት ለእናንተ የመረጃ አመዘጋገብ ነው፤ ለአማቴ ግን ቤታቸው ላይ ምልክት ማድረግ ነው፤ የልጄም የትዳር ነገር ከአሁኑ ታይቷቸዋል። ይህን ፍርሃት ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ፍርሃቱን የሚያቃልለው ሳይንሱ ራሱ ስለሆነ፣ ቀድሞ ቢነገር መልካም ነበር፦ በ2023 የታተመው ትልቅ የዘረመል ጥናት ከኤዲኤችዲ ጋር የተያያዙ 27 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ እያንዳንዳቸው የሚያሳድሩት ተጽዕኖ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በጠቅላላው የሚገመቱት እንዲህ ያሉ ልዩነቶች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ከእነዚህ ልዩነቶች ጥቂቱን የማይሸከም ሰው የለም። ዘር ቆጣሪውም ቢሆን።

አሁን ወደ መጠይቁ ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ልትመረምሩት የሚገባ እሱ ይመስለኛል። በ2013 በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት አንድ ልጅ ከዘጠኙ የትኩረት ማጣት ምልክቶች ወይም ከዘጠኙ የመቅበጥበጥና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ ስድስቱ ለስድስት ወር ሊታዩበት፣ አንዳንዶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜው በፊት የጀመሩና ቢያንስ በሁለት ሥፍራ የሚታዩ ሊሆኑ ይገባል። ወላጅና መምህር በየፊናቸው «በጭራሽ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «በጣም ብዙ ጊዜ» እያሉ ይሞላሉ። እንግዲህ «የሰው ንግግር ያቋርጣል ወይ» የሚለውን ጥያቄ ተመልከቱ። በእኛ ቤት ልጅ አዋቂ በሚጫወትበት መካከል ድምፁን ካሰማ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሆንም፣ አማቴ «በጣም ብዙ ጊዜ» ይላሉ። የልጄ መምህርት ደግሞ ልጅ ሐሳቡን በድፍረት እንዲናገር ስለምታበረታታ ያንኑ ነገር «አልፎ አልፎ» ብላ ታልፈዋለች። በተቃራኒው «መቀመጥ በሚገባው ጊዜ ይነሣል ወይ» ሲባል፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ለሰዓታት ስለሚቆምና ልጆችም በቅጽሩ ወዲያ ወዲህ ማለታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ እናት ምንም ጉድለት አይታያትም። አባቱ ፊት ጸጥ የሚል፣ አባቱ ሲወጣ ቤቱን የሚገለብጥ ልጅም አለ፤ መጠይቁን የሚሞላው አባትየው ከሆነ ልጁ ጤነኛ ሆኖ ይመዘገባል። ቅጹን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መመለስ ይህን አያስተካክልም። የሚያስተካክለው ከእያንዳንዱ መልስ ጋር ምሳሌ መጠየቅ፣ መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነ መመዝገብ፣ መጠይቁም በአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ላይ ተፈትኖ ነጥቡ በእኛ ዘንድም ያንኑ ነገር የሚለካ መሆን አለመሆኑ መታየቱ ነው።

ስለ ስምና ስለ ቀን አቆጣጠርም በአጭሩ ልጥቀስ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ስለዚህ በእኔ፣ በባለቤቴ፣ በአማቴና በልጆቼ ሰነድ ላይ የመጨረሻው ስም ይለያያል፤ የጥናቱ ሠራተኛም ሁላችን የአንድ ቤት ሰዎች መሆናችንን ደጋግሞ ጠይቆናል። የዝምድና መለያ በስም ላይ እንዳይመሠረት ማድረግ ቀላል ነው። የአረጋውያንን የልደት ዓመት ስትጠይቁም በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደነገሯችሁ አረጋግጡ፤ በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ ወላጅና ልጅ በተወለዱበት ዘመን በሚነጻጸሩበት ጥናት ደግሞ ይህ ትንሽ ስሕተት አይሆንም።

የዘር ምድብ የሚሞላበትን ሣጥን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በመጋቢት 2024 ባሻሻለው መመሪያ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ሥር ኢትዮጵያዊ የሚል ራሱን የቻለ ምርጫ አስገብቷል። እሱን ተጠቀሙበት። ከላይ የጠቀስኩት የ2023 ጥናት ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 38,691 ሰዎችና 186,843 ማነጻጸሪያ ሰዎችን ያካተተ ቢሆንም፣ ተሳታፊዎቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ከአንድ ሕዝብ የተገኘ የዘረመል ትንበያ በሌላው ላይ ሲሞከር እንደሚደክም፣ በአፍሪካውያን ላይ ደግሞ ይበልጥ እንደሚደክም ታውቃላችሁ። የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት ከየትም ይልቅ የበዛው በአፍሪካ ነው፤ ኢትዮጵያውያንም በአንድ ሣጥን ከምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ካላቸው ጎረቤቶቻችን ጋር ስንደመር የእነሱም የእኛም መረጃ ይደበዝዛል። ከእኛ መካከል ብዙ ቤተሰብ እንዲመጣ የምትሹ ከሆነ ደግሞ ያለፈውን አትርሱ። በ1951 በዚሁ በሜሪላንድ፣ በባልቲሞር፣ ሄንሪዬታ ላክስ ከምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የካንሰር ታካሚ ሰውነት ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰዱት ሴሎች ዛሬም በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይባዛሉ። የአማቴ «በማን እጅ ይቆያል?» ጥያቄ ከዚህ ታሪክ የራቀ አይደለም፤ ስለ እሷ ሰምተው ባያውቁም።

ወላጆችን በእጅጉ የሚያስፈራው ሌላው ነገር ምሥጢር ነው። መጠይቁ ልጅን ስለ መቅጣት ይጠይቃል፤ ቆንጥጦ የማያውቅ ወላጅ ከመካከላችን ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ ሁሉም «አልቀጣም» ብሎ ይሞላል። ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ገና ያላለቀለት ቤተሰብም ወረቀት በተሞላ ቁጥር መንግሥት ጋ የሚደርስ ይመስለዋል። ከ2017 ወዲህ በብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የሚካሄድ እንዲህ ያለ ጥናት ሁሉ የምሥጢር ጥበቃ ሰርተፍኬት አለው፤ ተመራማሪው ተሳታፊውን የሚለይ መረጃ ለፍርድ ቤትም ሆነ ለፖሊስ እንዲሰጥ አይገደድም። ልጅ በደል ይደርስበታል ተብሎ ከተጠረጠረ ግን ተመራማሪው ማሳወቅ አለበት። ሁለቱም፣ ጥበቃውም ወሰኑም፣ መጠይቁ ሳይጀመር በግልጽ አማርኛ ይነገረን፤ የትኛው ጥያቄ ሊዘለል እንደሚችልም ይነገረን። የዘረመል መረጃን በሚመለከት የ2008ቱ ሕግ በጤና መድንና በሥራ ቅጥር አድልዎን ቢከለክልም፣ የሕይወት መድንንና የአካል ጉዳት መድንን እንደማይሸፍን የሚያውቅ ወላጅ አላጋጠመኝም። ልጄ 18 ዓመት ሲሞላው በእኔ ፈቃድ የተሰጠውን ናሙና በሚመለከት እሱ ራሱ መጠየቅ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ በምን አድራሻ እንደምታገኙት ከአሁኑ ብታስቡበት ደስ ይለኛል።

የቀጠሮ ሰዓትም አንድ ነገር ነው። ከመካከላችን ብዙዎች በሁለት ፈረቃ በሆስፒታል፣ በመኪና ማቆሚያና በታክሲ የሚሠሩ ናቸው፤ የማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ለእነሱ የቀን ደመወዝ ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ይሁንልን። ረቡዕ ቀን ልጄ ከኤምአርአይ ሲወጣ የሰጣችሁት የቺዝ ሳንድዊች ግን ክፋት እንዳልነበረው አማቴም ተቀብለዋል፤ በጾም ቀን መሆኑን የምታውቁበት መንገድ አልነበረም።

ለወላጆች የምለው ጥቂት ነው። ጥናት ሕክምና አይደለም፤ የልጅዎን ምርመራም ሆነ መድኃኒት አይተካም። ልጅዎ በትምህርት ቤት እርዳታ ካስፈለገው ያለ ክፍያ እንዲገመገምልዎ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ለዚህም የጥናት ተሳታፊ መሆን አያስፈልግም። ከጥናት በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይቻላል፤ በመውጣትዎ የሚያጡት የሕክምና አገልግሎት የለም። ከመፈረምዎ በፊት ሰነዱን ቤት ወስደው ለማንበብ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንደ ተጠራጣሪም አያስቆጥርዎትም።

ክቡራንና ክቡራት ተመራማሪዎች፣ በሚቀጥለው ዙር አማቴ እንደገና ለቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ፤ ፈቃደኝነታቸውም አልተለወጠም። ለዚያ ቀን አስቀድሞ የተቀጠረ አስተርጓሚ በአካል እንዲገኝ፣ ልጄም በዚያ ክፍል እንዳትኖር በጽሑፍ አመልክቻለሁ። የቤተሰብ ጥናት የምታካሂዱ ሁሉ የአማርኛ የፈቃድ ሰነድና የጥናቱን ውጤት የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንድታዘጋጁ፣ ገምጋሚ ቦርዶችም አያት ወይም ዘመድ በሚያካትት ጥናት ላይ ልጅ አስተርጓሚ እንዳይሆን በግልጽ እንድትከለክሉ እጠይቃለሁ። ሰነዱን የሚያርሙ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የሕግ ባለሙያዎች በማኅበረሰባችን ሞልተዋል። በነጻ ሊሠሩላችሁ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ይሁንና ለእንግሊዝኛው ሰነድ አዘጋጅ በጀት ተይዞ እንደሆነ ለአማርኛውም ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት ተሳታፊ እናት፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ